አሥራ አምስት ደቂቃ ለሁለት ሲካፈል፦ በአስተርጓሚ የሚታከሙ ሕሙማንና የምክክር ጊዜ

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶችና ለማኅበረሰብ ተሟጋቾች የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ጉዳይ የሚጀምረው ከአንድ ተራ ቀጠሮ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንዲት እናት ለምሳሌ ያህል ይታሰቡ። ስኳርና የደም ግፊት አለባቸው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ደግሞ «ልቤን ያቃጥለኛል» ይላሉ። ቀጠሯቸው የአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሐኪሙ ገብቶ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ ለስልክ አስተርጓሚ ይደውላል። ቋንቋ ይመረጣል፣ የጤና ተቋሙ ቁጥር ይነገራል፣ አስተርጓሚው የመለያ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ምስጢር እንደሚጠበቅ ይገለጻል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ሁለት ደቂቃ ሄዷል ቢባል የተጋነነ አይሆንም። በቀሩት አሥራ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ይነገራል፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ። ስለዚህ ሐኪሙና ታካሚዋ በእርግጥ የተነጋገሩበት ጊዜ ስድስት ደቂቃ ተኩል ነው። ምርመራውም፣ ኮምፒውተሩ ላይ መጻፉም፣ መድኃኒት ማዘዙም የሚወሰደው ከዚያው ላይ ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ቃል እንመለስ። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚለውን አነጋገር አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራን ነው። የቸኮለ አስተርጓሚ ቃል በቃል ወስዶ «ልቧ ይቃጠላል» ብሎ ሊያስተላልፈው ይችላል። ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ደግሞ በድፍረት «የጨጓራ ሕመም ነው» ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል። አደጋው ያለው በሁለቱም በኩል ነው። ዕድሜያቸው የገፋና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሴቶች ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲመጣባቸው የተለመደው ከባድ የደረት ሕመም ላይሰማቸው ይችላል፤ ማቃጠል ወይም የምግብ አለመፈጨት መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ጨጓራ ይሁን ልብ፣ ወይም በቅርቡ የደረሰባቸው ሐዘን በአነጋገሩ መጥቶ እንደሆነ ለመለየት የሚያስፈልጉት ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። መቼ ይጀምራል? ምግብ ሲበሉ ነው ወይስ ደረጃ ሲወጡ? ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል? ያልባቸዋል? አራት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ስምንት ንግግር ናቸው፤ በአስተርጓሚ በኩል አሥራ ስድስት ይሆናሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኚህ እናት ግን ምንም አልደበቁም። ቀጠሮው ነው ያልበቃቸው።

በሕክምና ፖሊሲ ክርክር ውስጥ የምክክር ርዝመት የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እንደ አማካይ ቁጥር ነው። በ2017 ቢ ኤም ጄ ኦፕን በተባለው መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ የ67 አገሮችን መረጃ አሰባስቦ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ከአንድ ታካሚ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ በባንግላዴሽ ከነበረው 48 ሴኮንድ አንሥቶ በስዊድን እስከታየው 22.5 ደቂቃ እንደሚደርስ አሳይቷል። አሜሪካ ወደ ላይኛው ጫፍ ከሚጠጉት አገሮች ናት። ይህን የሚያነብ ረዳት «እዚህ አገር የጊዜ ችግር የለም» ብሎ ወረቀቱን ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን አማካዩ ደቂቃው ለማን እንደሚሰጥም፣ በደቂቃው ውስጥ ምን እንደሚገባም አይናገርም።

ምን እንደሚገባ የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2007 የታተመና በአሜሪካ የአረጋውያን ታካሚዎችን ቀጠሮ በቪዲዮ የመረመረ ጥናት፣ የቀጠሮው መካከለኛ ርዝመት 15.7 ደቂቃ ሆኖ በዚያ ውስጥ ስድስት ያህል ጉዳዮች እንደሚነሡ አገኘ። ረጅሙን ውይይት ያገኘው ጉዳይ አምስት ደቂቃ ሲይዝ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው 1.1 ደቂቃ ብቻ ደረሳቸው። ይህ ስሌት ወደ አስተርጓሚ ቀጠሮ ሲዛወር ዋናው ጉዳይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀረዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሠላሳ ሴኮንድ ብዙም ያልበለጠ። የስኳር መድኃኒቱ ለምን እንደተቀየረ፣ ጾም ሲመጣ አወሳሰዱ እንዴት እንደሚሆን፣ እግር ላይ የወጣው ቁስል መቼ እንደጀመረ፤ እነዚህ ሁሉ በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ መግባት አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ አይገቡም።

የጊዜ ርዝመት ጥራትን ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በቅንነት መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም የተቃዋሚው ወገን ረዳት ማስረጃውን አንብቦ ሊመጣ ይችላል። በኤድንበራው ፕሮፌሰር ጆን ሃዊ የተመራውና በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመው ጥናት ከ25,000 በላይ ታካሚዎችን ጠይቋል። የተጠየቁት በአገልግሎቱ መደሰታቸውን ብቻ አልነበረም። ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ ሕመማቸውን ይበልጥ ተረድተው፣ ራሳቸውን ለመርዳት ይበልጥ ችለው እንደሆነ ነበር የተጠየቁት። አማካዩ ምክክር 8 ደቂቃ ነበር። ከዚህ የመቻል ስሜት ጋር ከሁሉ ይበልጥ የተያያዙት ሁለት ነገሮች የምክክሩ ርዝመትና ታካሚው ሐኪሙን በደንብ ማወቁ ናቸው።

በአሜሪካ በ2023 በጃማ ሄልዝ ፎረም የወጣውና ከ8 ሚሊዮን በላይ ቀጠሮዎችን የመረመረው ጥናት ደግሞ ወደ መድኃኒት ማዘዣው ተመለከተ። ቀጠሮው ባጠረ ቁጥር ለማይጠቅማቸው የጉንፋን ዓይነት ሕመሞች አንቲባዮቲክ የሚታዘዝላቸው ታካሚዎች ድርሻ ከፍ ይላል። ኦፒዮይድ ማስታገሻና ቤንዞዳያዜፒን የተባለው ማረጋጊያ በአንድነት የሚታዘዙበት ዕድልም እንዲሁ። ለአረጋውያን ተገቢ ባልሆኑ መድኃኒቶች ላይ ግን ይህ አልታየም። የአንዲት ተጨማሪ ደቂቃ ውጤትም ትንሽ ነው፤ በአንቲባዮቲኩ ላይ 0.11 የመቶኛ ነጥብ። ለዚህ አዳራሽ የሚበልጠው የጥናቱ ሌላው ግኝት ነው። አጠር ያለ ቀጠሮ ያገኙት በዕድሜ ያነሱ፣ በመንግሥት የጤና መድን የሚታከሙ፣ እንዲሁም ጥቁርና ሂስፓኒክ ታካሚዎች ነበሩ።

በሌላ በኩል ኮክሬን የተባለው የግምገማ ድርጅት በ2016 ባሻሻለው ዘገባ፣ የምክክርን ጊዜ በማራዘም የሚገኘውን ጥቅም ለማረጋገጥ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በ440 ምክክሮች ላይ የተደረገ ጥናትም በርዝመቱና ታካሚዎች ስለ አገልግሎቱ በሰጡት አስተያየት መካከል ግንኙነት አላገኘም። እነዚህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ኮክሬን ያገኛቸው ሙከራዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ሁሉም በብሪታንያ የተደረጉ፣ ሁሉም ለአጭር ጊዜ የቆዩ፣ ለታካሚው ሁሉ በጅምላ ጥቂት ደቂቃ የጨመሩ ናቸው። ለጉሮሮ ሕመም ለመጣ ጤነኛ ወጣት ሦስት ደቂቃ መጨመር ምንም ላይለውጥ ይችላል፤ ይህ ሊያስገርም አይገባም። ከማስረጃው የሚወጣው ፍርድ «ጊዜ አይጠቅምም» የሚል አይመስልም። ጊዜ በእኩል ሲበተን ብዙ አያሳይም፤ ለሚያስፈልገው ሲሰጥ ግን ያሳያል የሚል ነው።

ይህን የሚደግፈው ከስኮትላንድ የመጣው ሥራ ነው። የዌልሱ ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት በ1971 ላንሴት በተባለው መጽሔት ላይ ጥሩ ሕክምና ከሚያስፈልገው ሕዝብ እየራቀ፣ ከማያስፈልገው ዘንድ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር፤ «የተገለበጠ የእንክብካቤ ሕግ» ብሎ ሰየመው። በግላስጎና በአካባቢዋ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ በደቂቃም እንደሚታይ አሳዩ። በድኻ ሰፈር ያሉ ታካሚዎች ብዙ ችግር ይዘው ይመጣሉ፣ የሚያገኙት ጊዜ ግን ያነሰ ነው። የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው በሀብታም ሰፈር ረዘም ያለ ምክክር ሲያገኝ በድኻው ሰፈር አያገኝም። ከዚያም ኬር ፕላስ በተባለው ሙከራ፣ ብዙ ሕመም ላላቸው የድኻ ሰፈር ታካሚዎች ብቻ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ የሚደርስ ምክክር ተሰጠ። ሙከራው ትንሽ ነው። ውጤቱ ግን በሙሉ ጤና ለሚኖር አንድ ተጨማሪ ዓመት ወጪው 12,000 ፓውንድ ገደማ ሆነ፤ የብሪታንያ ባለሥልጣናት በወቅቱ ተገቢ ነው ከሚሉት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ በእጅጉ ያነሰ።

በአስተርጓሚ የሚታከም ሰው ይህን መሰል ተጨማሪ ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው ዋነኛው ነው፤ ደግሞም ለመለየት ከሁሉ የሚቀል ነው። የቋንቋ ምርጫው ገና ቀጠሮ ሲይዝ በመዝገቡ ላይ ተጽፏልና።

በአስተርጓሚ መታከም ጊዜ ይወስዳል ወይ ቢባል፣ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች የተቃረኑ የሚመስሉ መልሶች ሰጥተዋል። በሲያትል የተደረገውና በ1999 የታተመው ጥናት እንግሊዝኛ በማይናገሩና በሚናገሩ ታካሚዎች መካከል የጊዜ ልዩነት አላገኘም፤ አብዛኞቹ ሐኪሞች ግን ብዙ ጊዜ እንዳጠፉ ያምኑ ነበር። በ2000 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት በበኩሉ የስፓኒሽ ተናጋሪዎች 9.1፣ የሩሲያኛ ተናጋሪዎች 5.6 ተጨማሪ የሐኪም ደቂቃ እንደወሰዱ አገኘ። ሁለቱን ጎን ለጎን ላነበበ ሰው ብዙም አይጋጩም። ሰዓቱ የሚለጠጥበት ክሊኒክ ቀጠሮው ይረዝማል። ሰዓቱ በማይለጠጥበት ደግሞ ርዝመቱ እኩል ሆኖ የሚነገረው ነገር በግማሽ ይቀንሳል። የሲያትሉ ሐኪሞች ተሳስተው ነበር ከማለት ይልቅ፣ በእኩል ሰዓት እጥፍ ድካም ተሰምቷቸው ነበር ማለት የተሻለ ነው።

ሕጉ ይህን አያይም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ርዕስ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ተቋም በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያገልል ይከለክላል። የጤና እንክብካቤ ሕጉ አንቀጽ 1557 ደግሞ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ እንዲቀርብ ያስገድዳል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዳያስተረጉም ይከለክላል። የ2024ቱ ደንብ በኮምፒውተር የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍ በብቁ ሰው እንዲታይ ጨምሯል። በ2000 ወጥቶ የነበረው የፕሬዚዳንት ክሊንተን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 (እንደ ምዕራባውያን አቆጣጠር) ተሽሯል። ሁለቱ ሕጎች ግን የኮንግሬስ ሕጎች ስለሆኑ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም፤ ይህን ልዩነት በየቢሮው ማስታወስ ያስፈልጋል፤ «የአስተርጓሚ መብት ቀረ» የሚል ወሬ በማኅበረሰቡ ውስጥ ይሰማልና። በዋሽንግተን ዲሲም የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አስተርጓሚ አለ። ደቂቃ የለም።

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ቀድሟል። በ2018 ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ያወጣው የአስተርጓሚ መመሪያ፣ አስተርጓሚ ያለበት ቀጠሮ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያስፈልገው፣ ይህም ብዙውን ጊዜ የመደበኛው እጥፍ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። በየክሊኒኩ ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ ለንደን ያሉ ወገኖች ይህን ይመሰክራሉ። ግን የተጻፈ ነገር ይጠየቅበታል።

በአሜሪካ እንዳይጻፍ የሚያደርገው ዋናው ነገር ክፍያው ነው። ብዙ ስደተኞች የሚታከሙት በፌዴራል መንግሥት በሚደገፉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ነው። እነዚህ ጣቢያዎች ከ2001 ጀምሮ ከሜዲኬይድ የሚከፈላቸው በቀጠሮ ብዛት ነው፤ ቀጠሮው አሥር ደቂቃም ይፍጀው አርባ፣ ክፍያው አንድ ነው። በሰዓት አራት ታካሚ የሚያይ ሐኪም አንዱን ቀጠሮ እጥፍ ቢያደርግ ሦስት ታካሚ ያያል፤ ጣቢያው በዚያ ሰዓት የአንድ ቀጠሮ ገቢ ያጣል። ከ2021 ወዲህ ሌሎች ክሊኒኮች የቀጠሮውን ደረጃ በጠቅላላ በወሰደው ጊዜ ማስላት ይችላሉ፤ በቁርጥ ለሚከፈለው ጣቢያ ግን ይህ በር ብዙ አይጠቅመውም። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪዋ እናት አጭር ቀጠሮ የሚሰጣት ጣቢያ ክፉ ሆኖ አይደለም። ረጅም የሰጣት ሁሉ የሚከስርበት ሥርዓት ስለሆነ ነው።

የአስተርጓሚው ክፍያም እንዲሁ ነው። ሜዲኬይድ ግዛቶች ለትርጉም አገልግሎት እንዲከፍሉና የፌዴራሉን ድርሻ እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ ለዚህ የተዘጋጀ ቲ1013 የሚባል የክፍያ ኮድ አለ፣ የሚቆጠረውም በየ15 ደቂቃው ነው። ይሁንና መክፈል የግዛቱ ምርጫ ነው። በማይከፍሉ ግዛቶች ሐኪሙ አስተርጓሚ በጠራ ቁጥር ከኪሱ ያወጣል፤ ሜዲኬርም ለትርጉም ለብቻው አይከፍልም። በዚህ ሁኔታ አስተርጓሚ ያልጠራው ክሊኒክ ሕግ ይጥሳል፣ የጠራው ደግሞ በሁለት በኩል ይከስራል። ልጅ እናቱን እንዲያስተረጉም የሚደረገው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሥልጠናም ከጊዜ ጋር ይያያዛል። በማሳቹሴትስ በሕፃናት ድንገተኛ ክፍሎች የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት፣ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ የትርጉም ስሕተቶች በባለሙያ አስተርጓሚ 12 ከመቶ፣ በዘመድ ወይም በአጋጣሚ በተገኘ ሰው 22 ከመቶ እንደሆኑ አገኘ። መቶ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠለጠኑት ዘንድ ግን 2 ከመቶ ብቻ ነበር። ጥሩ አስተርጓሚ ደግሞ ሐኪሙን አስቁሞ «ይህ አነጋገር ሁለት ትርጉም አለው፣ ልጠይቃቸው» የሚል ነው። ለዚያ ጥያቄ ጊዜ ያልተመደበለት አስተርጓሚ የመቶ ሰዓት ሥልጠናውን ይዞ ዝም ይላል።

የሚነሣው ዋናው ተቃውሞ ይታወቃል፤ ሐኪም ባነሰበት አገር ቀጠሮ ቢረዝም ወረፋው ይረዝማል። እውነት አለው። ነገር ግን የሚጠየቀው ለሁሉም አይደለም፤ ተጨማሪው ደቂቃም ሁሉ የሐኪም ደቂቃ መሆን የለበትም። በሲያትል የሚገኘው የሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል ከ1994 ጀምሮ አማርኛና ትግርኛን ጨምሮ በስደተኞች ቋንቋ የሚሠሩ የአስተርጓሚነትና የባህል አማላጅነት ሠራተኞች አሰማርቷል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ከሐኪሙ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጦ የመድኃኒቱን ዝርዝርና ዋናውን ጉዳይ ቢያስተካክል የሐኪሙ ጊዜ ለሐኪም ሥራ ይቀራል። ማዳመጥ ራሱም እንደሚፈራው አይደለም። በ2002 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት ሐኪሞች ሳያቋርጡ ሲያዳምጡ ታካሚዎች በአማካይ 92 ሴኮንድ ተናግረው እንደሚያቆሙ አሳይቷል። በአስተርጓሚ በኩል ሦስት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ረዳቶች ወደየቢሯቸው ሲመለሱ ሊያነሷቸው የሚገቡ ነገሮች ውስን ናቸው። ግዛቱ ቲ1013ን ከፍቷል ወይ? ከከፈተስ በስልክና በቪዲዮ የሚሠራውን ይጨምራል? ለማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችስ ከቀጠሮ ብዛት ሌላ የክፍያ መንገድ ቀርቧል? ኦሪገን ከ2013 ጀምሮ በየወሩ በታካሚ ቁጥር የሚከፈልበትን አማራጭ ለጤና ጣቢያዎቿ ከፍታለች፤ የፌዴራሉ ሕግ ግዛቶች እንዲህ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። አዲስ ሕግ ሳይወጣ በግዛቱ የሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሊጀመር የሚችል ነው። ከግዛት መድን ሰጪዎች ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥም፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ቀጠሮ እጥፍ እንዲያዝ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ይቻላል።

ለተሟጋቾች የሚቀረው ሥራ ሌላ ነው። የታካሚው የቋንቋ ምርጫም፣ ቀጠሮው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓትም በኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ውስጥ ይገኛሉ። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አውጥቶ፣ የታካሚ ስም ሳይነካ፣ በቋንቋ የተከፋፈለ የምክክር ርዝመት እንዲያወጣ እያንዳንዱ የጤና ጣቢያ ሊጠየቅ ይችላል። የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች የአስተዳደር ቦርድ አብዛኛው አባል በሕግ ከታካሚዎቹ መካከል መሆን አለበት። በዚያ ቦርድ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ባለበት ጣቢያ ጥያቄው ከውስጥ ሊነሣ ይችላል፤ በሌለበት ደግሞ በሚቀጥለው የቦርድ ምርጫ ስም ማቅረብ ይቻላል።